ለብሎጋችሁ ማስታወቂያ ከደሴ ሱቆች እንዴት ታገኛላችሁ?

ብሎግ የከፈተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው የጉግልን ማስታወቂያ ነው። እኔ ግን ደሴ ሆኖ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የከተማውን ነጋዴ ይያዝ እላለሁ። ምክንያቴን ከራሴ ሥራ ልንገራችሁ።

የምጽፈው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው ለሚመጡ ተማሪዎች ነው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ምግብ። ከሁሉም በላይ የሚነበበው ግን ስለ አየሩ የጻፍኩት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሹራቡን ታወልቃላችሁ። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ የሚመጣ ልጅ የደረሰውን ካምፓስ አይቶ ምን መያዝ እንዳለበት ማወቅ ይፈልጋል። ታዲያ ከዚህ ጽሑፍ ሥር የማን ማስታወቂያ ይግባ? የብርድ ልብስ ነጋዴ ነዋ!

እናንተም በጣም የሚነበብላችሁን ጽሑፍ ለዩ። ያንን የሚያነብ ሰው በዚያው ሳምንት ምን ይገዛል? ያንን ዕቃ የሚሸጠው ሰው ዘንድ በእግራችሁ ሂዱ፤ በስልክ አይሆንም። ፒያሳ ያለ ባለሱቅ ገበያ በደራበት ሰዓት አያናግራችሁም፤ ጠዋት ሲከፍት ግቡ። ስለ ጎብኚ ብዛት ብዙ አታውሩ። ስልካችሁን አውጡና ጽሑፉን አሳዩት። «ጋሼ፣ የእርስዎ ቁጥር እዚህ ጋ ይገባል። ልጁ ሲነካው በቀጥታ ይደውልልዎታል» ማለት ይበቃል። ይህን የምታደርጉት ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ከማድረጉ በፊት ይሁን። ተማሪው ከገባ በኋላማ ብርድ ልብሱን ገዝቷል።

ዋጋው ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። የኔ ስሌት ከባለሱቁ ትርፍ ይነሳል። ለምሳሌ ከአንድ ብርድ ልብስ 200 ብር የሚያተርፍ ከሆነና በወር 5 ተማሪ ከላካችሁለት፣ 1,000 ብር አገኘ ማለት ነው። 300 ብር ብትጠይቁት አይከብደውም። 900 ብትሉት ለሁለተኛ ወር አይመለስም። ስንት ተማሪ እንደመጣ እንዲታወቅ ማስታወቂያው ላይ «ከብሎጉ አይቼ ነው ለሚል የ20 ብር ቅናሽ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ የሚል ተማሪ በመጣ ቁጥር ባለሱቁ ደብተሩ ላይ ምልክት ያድርግ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን አብራችሁ ቁጠሩ። የሚቀጥለው ወር ውል የሚገኘው ከዚያ ደብተር ነው።

ውሉ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት ቦታ፣ በስንት ብር። ክፍያው በቅድሚያ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ።

አጥብቄ የምይዘው ነገር አለ። ማስታወቂያው ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ቃል ይኑር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ከፍሎ «ጥሩ ነው ብለሽ ጻፊልኝ» የሚል ይመጣል። እምቢ በሉ። የኪራይ ቤት ማስታወቂያ ደግሞ ቤቱን በዓይኔ ሳላይና አከራዩን ሳላናግር አልለጥፍም፤ ደላላው የፈለገውን ያህል ቢከፍል። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ እኔን አምኖ ቀብድ ከፍሎ ሜዳ ላይ እንዲቀር አልፈልግም።

ይህን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ጉግል አድሴንስ፣ ማለትም ጉግል ብሎጋችሁ ላይ ማስታወቂያ አስገብቶ ወደሚከፍልበት አገልግሎት፣ መሄድ ትችላላችሁ። ዕድሜያችሁ 18 የሞላ መሆን አለበት። ጉግል የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ስላለው ከማመልከታችሁ በፊት እዩት። ሒሳባችሁ 10 ዶላር ሲደርስ የማረጋገጫ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይላካል። ስለዚህ የሚሠራ የፖስታ ሳጥን ቁጥር አስገቡ፤ ከሌላችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን አስፈቅዳችሁ ተጠቀሙ። ስማችሁ ባንክ ደብተራችሁ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ። ገንዘቡ የሚላከው 100 ዶላር ሲሞላ ነው፤ ለትንሽ ብሎግ ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው የራሳችሁን ገጽ ማስታወቂያ በፍጹም አትንኩ፤ ጓደኛም «ክሊክ አድርግልኝ» አትበሉ። ጉግል ከደረሰበት አካውንቱን ይዘጋዋል፤ የተጠራቀመውም ገንዘብ አብሮ ይቀራል።