የሰው ፕሮጀክት አውርዳችሁ "ኢንስቶል" ከማለታችሁ በፊት

የርቀት ሥራ የሚፈልግ አንድ ፕሮግራመር ወዳጅ አለኝ። በቅርቡ "ይህን ፕሮጀክት አውርድ፣ አንድ ስህተት አለው፣ በአንድ ሰዓት አርመህ ላክ" የሚል የሥራ ፈተና ደረሰው። ኤንፒኤም ኢንስቶል (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን ዝግጁ ኮዶች፣ ማለትም ፓኬጆችን፣ የሚያወርድ ትእዛዝ) ብሎ ጽፎ ኢንተር ሊመታ ሲል ደወለልኝ። "ኮዱን ገና አላስነሳሁትም እኮ። ኢንስቶል ማድረግ ብቻውን ምን ያመጣል?"

ብዙ ያመጣል። የደኅንነት ተመራማሪዎች ከሰሜን ኮሪያ ጋር የሚያያይዟቸው ሰርጎ ገቦች በዚሁ የሐሰት ቃለ መጠይቅ ፕሮግራመሮችን እንደሚያጠምዱ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ሆኗል። የሚፈልጉት በብራውዘር የተቀመጠ ፓስወርድ፣ የክሪፕቶ ዋሌት፣ ቶክን (በፓስወርድ ፈንታ የሚያስገባ ቁልፍ) ነው። መግቢያቸው ደግሞ ሴቲንግ የሚመስል ፋይል ነው። ሴቲንግ ይመስላል እንጂ ትእዛዝ ነው።

ታዲያ እንዴት እንጠንቀቅ? ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ ስትተይቡ ያው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

1. ኤዲተሩን "አላምንም" በሉት

ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ (ኤዲተር) አዲስ ፎልደር ስትከፍቱ የጻፉትን ሰዎች ታምናላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኞቻችን ሳናነብ "አዎ" እንላለን። አትበሉ። ፎልደሩ ውስጥ ታስክስ ጄሰን የሚባል ፋይል ካለ፣ ፎልደሩ ገና ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ትእዛዝ ሊይዝ ይችላል። "አላምንም" ካላችሁ ኮዱን ማንበብ ትችላላችሁ፣ እንዲህ ያለው ታስክ ግን አይነሳም።

2. ትእዛዝ የሚደበቅባቸውን ፋይሎች አንብቡ

በፓኬጅ ጄሰን ጀምሩ። "ስክሪፕትስ" በሚለው ሥር ፕሪኢንስቶል፣ ኢንስቶል፣ ፖስትኢንስቶል ወይም ፕሪፔር የሚል ካለ፣ ኢንስቶል ስትሉ ሳይጠይቃችሁ ይሠራል። ፓይተን ከሆነ ሴትአፕ ፓይ፣ ጃቫ ከሆነ የግሬድል ፋይሎች፣ ሲ ከሆነ ሜክፋይል፣ ረስት ከሆነ ቢልድ ዶት አርኤስ እዩ።

ሰው የሚረሳው ግን የጃቫስክሪፕት ኮንፊግ (የሴቲንግ) ፋይሎችን ነው። እንደ ኔክስት፣ ቴይልዊንድና ቪት ያሉ የድረ ገጽ መሥሪያዎች ኮንፊግ ዝም ብሎ የምርጫ ዝርዝር አይደለም፤ ፕሮጀክቱ ሲነሳ ወይም ሲገነባ የሚሮጥ ኮድ ነው። የወዳጄም ጉድ የተገኘው እዚያ ነው። ፋይሉ ሃያ መስመር እንኳ አይሞላም፣ ንጹሕ ይመስላል። መጠኑ ግን ለሃያ መስመር በጣም ከበደን። "እስቲ ኦልትና ዜድ አንድ ላይ ተጫን" አልኩት፤ ረጅም መስመር ስክሪኑ ውስጥ እንዲታጠፍ የሚያደርግ ነው። ከአንዲት ሚስኪን ነጠላ ሰረዝ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ወዲያ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ውጭ የተጠቀጠቀ የማይነበብ ኮድ። ሰውየው ስፔስ ሲመታ ነው የዋለው!

ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ፣ ማየት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በርቀት መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር (ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት ኮድ) አገኘ። ያንን የሚቀሰቅሰው የቢልድ (የግንባታ) መስመር በጊት ማከማቻው ላይ አልነበረም። የነበረው ሰው አውርዶ በሚጠቀምበት የታመቀ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የምታነቡት የምታስኬዱትን ራሱን ፋይል ይሁን።

3. ስክሪፕቶቹን ዝጉ

ኤንፒኤም ኮንፊግ ሴት ኢግኖር-ስክሪፕትስ ትሩ። አንዴ ነው የሚጻፈው። ከዚያ በኋላ ኢንስቶል ስትሉ ፋይል ይወርዳል እንጂ ስክሪፕት አይሮጥም። እንደ ቢክሪፕት ያሉ ጥቂት ፓኬጆች ስክሪፕቱ ካልሮጠ ላይሠሩ ይችላሉ፤ ለእነሱ ብቻ እገዳውን አንስታችሁ ሪቢልድ አድርጉ። በኤንፒኤም ፈንታ የሚሠራው ፒኤንፒኤም ከ10ኛው ቨርዥኑ ጀምሮ ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች ስክሪፕት ራሱ ይዘጋል፣ የፕሮጀክቱን የራሱን ግን አይዘጋም።

ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) ላይ ኦንሊ-ባይነሪ የሚለውን ምርጫ ጨምሩ። ዊል የሚባለው ዝግጁ ፓኬጅ ሲጫን ሴትአፕ ፓይን አያስነሳም።

እዚህ ላይ እንዳትዘናጉ። ይህ ሁሉ ኢንስቶል ላይ ነው የሚያግዘው። ቀጥላችሁ ኤንፒኤም ስታርት ካላችሁ ያ የተደበቀ ኮንፊግ ይሮጣል።

4. የግድ ማስኬድ ካለባችሁ ለብቻው አስኪዱት

ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ይሻላል። ፕሮግራምን አግልሎ የሚያስኬደው ዶከርም ከምንም ይሻላል፣ ግን የፕሮጀክቱን ፎልደር ብቻ ስጡት። ሙሉውን የሆም ፎልደር ካስገባችሁለት የኤስኤስኤች ቁልፋችሁን በሰሃን አቀረባችሁለት ማለት ነው። ውስጡ ሆናችሁ በኢሜይላችሁም ሆነ በጊትሀብ አካውንታችሁ አትግቡ።

5. ቡድን ካላችሁ

የቢልድ ፋይል ሲቀየር ሌላ ሰው ሳያየው እንዳይገባ አድርጉ። ጊትሀብ አክሽንስ (የግንባታና የሙከራ ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬድ) የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ሰው የጻፈውን አክሽን ስትጠሩ በቨርዥን ስም ሳይሆን በሙሉው የኮሚት ቁጥር (የአንድ የኮድ ለውጥ መለያ) ጥሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ከ23,000 በላይ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበት አንድ አክሽን የቨርዥን ስሞቹ ወደ ተንኮል ኮድ ዞረው ሚስጥራዊ ቁልፎችን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ላይ ሲያፈስ ተገኝቷል። በኮሚት ቁጥር ቀድመው ያሰሩት አልተነኩም።

6. አስኪዳችሁት ከሆነ

ኢንተርኔቱን አጥፉ። በዚያው ላፕቶፕ ፓስወርድ አትቀይሩ፣ አዲሱም ሊወሰድ ይችላል። በሌላ መሣሪያ መጀመሪያ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ቀጥሎ የጊትሀብና የኤንፒኤም ቶክኖችን፣ ከዚያ የኤስኤስኤች ቁልፎችን ሰርዛችሁ በአዲስ ተኩ። ዋሌት ካላችሁ ገንዘቡን አዲስ ወደከፈታችሁት አዛውሩ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ፣ ያኔውኑ ለአይቲ ክፍሉ ተናገሩ። የራሳችሁ ከሆነ ዶክመንቶቻችሁን ብቻ አስቀሩና ፎርማት አድርጉት። የወረደውን ፕሮጀክት መልሳችሁ እንዳትገለብጡት።