የመጀመሪያ ውድ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት ማን ሰርቪስ እንደሚያደርገው እወቁ

ብዙ ሰው የመጀመሪያ ውድ ሰዓቱን ሊገዛ ሲነሳ ሚያወራው ስለ ብራንዱና ስለ ዋጋው ነው፣ እኔ ግን ከዛ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ ነው ምለው፣ ይሄ ሰዓት ከአመታት በኋላ ሰርቪስ ሲፈልግ የት ነው ምወስደው፣ ማን ነው ሚከፍተው? እኛ ሀገር መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ መለዋወጫው ይገኛል ወይ ብሎ ነው ሚጠይቀው፣ ሰዓት ላይም እንደዛው መሆን አለበት። ሜካኒካል ሰዓት ውስጥ ከመቶ በላይ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፣ ዘይት አለው፣ ዘይቱ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ውሃ እንዳይገባ ሚከለክሉት ጎማዎችም እየደረቁ ይሄዳሉ፣ እና ዋጋው ምንም ይሁን ምን አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም።

ስለዚ ያላችሁን ብር በሙሉ ሰዓቱ ላይ አትጨርሱት። በብራንዱ ሰርቪስ ሴንተር ሙሉ ሰርቪስ ለአንድ ተራ አውቶማቲክ፣ ማለትም በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ለሚሞላ ሰዓት፣ ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል፣ ክሮኖግራፍ (ስቶፕዎች ያለው ሰዓት) ከሆነ ደግሞ ከዛም ይበልጣል። ሮሌክስ በግምት በየ10 አመቱ ሰርቪስ አስደርጉ ይላል፣ ኦሜጋ ከ5 እስከ 8 አመት ባለው ጊዜ ይላል፣ እኔ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለሰርቪስ ማስቀመጥን ነው ምመክረው ምክንያቱም ያኔ ድንገት አትደነግጡም።

ምርጫ ላይ እንምጣ። ገና ስትጀምሩ ሶስት አይነት መንገድ አለ ብዬ ነው ማስበው። አንደኛው እንደ ቲሶት ፒአርኤክስ ፓወርማቲክ 80 ያለ ነው፣ አንዴ ከተሞላ 80 ሰዓት ይሄዳል፣ አርብ ማታ አውልቃችሁ ሰኞ ጠዋት ስታነሱት ሳይቆም ይጠብቃችኋል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ በጣም ይቀላል። ግን የዚ ማሽን አንዳንድ አይነቶች ውስጥ የፕላስቲክ ክፍል ስላለና ፍጥነቱ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚስተካከል፣ የሰፈር ሰዓት ሠሪ እንደ ሌላው በቀላሉ አያስተካክለውም። ሁለተኛው ሴሊታ ወይም ኢቲኤ ሚባሉትን የስዊስ ማሽኖች የሚጠቀሙ ብራንዶች ናቸው፣ ኦሪስ ብዙ ሞዴሎቹ ላይ ሴሊታ ነው ሚያስገባው፣ የነዚ ትልቁ ጥቅም አለም ላይ ያለ ደህና ሰዓት ሠሪ ሁሉ ማሽኑን ያውቀዋል። ሶስተኛው የራሱን ማሽን የሚሰራ ብራንድ ነው፣ ለምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ቱዶር ብላክ ቤይ 58፣ 39 ሚሊሜትር፣ 70 ሰዓት የሚሄድ፣ እስከ 200 ሜትር ውሃ የሚችል፣ ወይም ደግሞ ጨረቃ ላይ የሄደው ኦሜጋ ስፒድማስተር። እነዚ ድንቅ ሰዓቶች ናቸው፣ ነገር ግን ትልልቆቹ ብራንዶች መለዋወጫ ለማንም ሰው አይሸጡም፣ እነሱ ለፈቀዱለት ባለሙያ ብቻ ነው ሚሰጡት፣ ስለዚ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ይሄን ስትገዙ ሰርቪሱ ዱባይ ወይ አውሮፓ እንደሚላክ ቀድማችሁ ተቀበሉት። ስፒድማስተር በእጅ የሚሞላ መሆኑንና ውሃ የመቋቋም አቅሙ 50 ሜትር ብቻ እንደሆነም ልብ በሉ። ለመጀመሪያ ሰዓት የኔ ድምፅ በጀቱ ላለው ለብላክ ቤይ 58 ነው፣ ቀን ማሳያ የለውም፣ ቀላል ነው፣ ለሱፍም ለጂንስም ይሆናል። ሮሌክስ ነው ምፈልገው የምትሉ ደግሞ እንደ ሰብማሪነር አይነቶቹን ኦፊሻል ሱቅ ገብታችሁ ወዲያው ይዛችሁ መውጣት ከባድ ነው፣ ተመዝግቦ መጠበቅ አለ፣ ያንን ለመዝለል ያገለገለ ገበያ ላይ ከሱቁ ዋጋ በላይ መክፈል ለጀማሪ አይታየኝም።

መጠኑን በፎቶ አትወስኑ። ዲያሜትሩ ብቻ ሳይሆን ማሰሪያው ሚገባባቸው ጆሮዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ያላቸው ርዝመት ነው እጅ ላይ ሚታየው፣ ጫፎቹ ከእጃችሁ ጠርዝ ካለፉ ሰዓቱ ትልቅ ነው፣ በቃ። እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ መስታወት ፊት ቁሙና እዩት።

አዲስ ከሆነ ምትገዙት ከብራንዱ ፈቃድ ካለው ሱቅ ግዙ፣ ማን ፈቃድ እንዳለው ብራንዱ ድረ ገጽ ላይ ተዘርዝሯል። ሮሌክስ፣ ቱዶርና ኦሜጋ 5 አመት ጋራንቲ ይሰጣሉ፣ ግን ካርዱ ላይ የተገዛበት ቀንና የሱቁ ስም ሳይሞላ ከሱቅ አትውጡ። ዱባይ ለምትገዙ፣ እዛ 5 ፐርሰንት ቫት አለ፣ ቱሪስት ከሆናችሁ ከቫቱ 85 ፐርሰንቱን ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ ታስመልሳላችሁ፣ ሱቁ ላይ ፓስፖርት አሳይታችሁ ታክስ ፍሪ ብላችሁ ካላስመዘገባችሁ ግን ኤርፖርት ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም። ኤርፖርት ስትደርሱ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ ከዛ ሻንጣ አስረክቡ፣ ሰዓቱም ደረሰኙም እጃችሁ ላይ ይሁን ምክንያቱም አሳዩን ሊሏችሁ ይችላሉ።

ያገለገለ ሰዓት ላይ ነው ረጋ ማለት ያለባችሁ። ሻጩ ጋር ስትቀመጡ መጀመሪያ መሙያውን፣ ጎኑ ላይ ያለውን ሚዞረውን ቁልፍ፣ ያዙት፣ ቪዳ ያለው ከሆነ ሲፈታም ሲጠብቅም ያለ ምንም መፋጨት መዞር አለበት፣ ከያዘ ወይም ከዘለለ ጥርሱ ተበልቷል። ከዛ ወደ 20 ዙር ሙሉትና እጃችሁ ላይ ሚሰማችሁን ስሙ፣ ለስላሳ መሆን አለበት፣ አሸዋ እንዳለበት ነገር ከተሰማችሁ ተዉት። ጠቋሚዎቹን ወደፊት እየወሰዳችሁ ቀኑ ሲቀየር እዩ፣ ግማሹ ላይ የሚቆም ከሆነ ችግር አለ። የብረት ማሰሪያውን በጎን በኩል ይዛችሁ አየር ላይ ዘርጉት፣ ወደታች በጣም ከጎበጠ መጋጠሚያዎቹ ተበልተዋል ማለት ነው። የቀፎውን ጠርዞች እዩ፣ ፋብሪካ ላይ ስል የነበረው ጠርዝ ክብ ሆኖ ከሳሳ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ተሞርዷል፣ የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም፣ ዋጋውን እዛው ነው መቀነስ ያለባችሁ።

ፎርጅድ ለመለየት ሰው ሚላችሁን ሁሉ አትመኑ። የሴኮንድ ጠቋሚው ሳይቆራረጥ የሚንሸራተት ከሆነ ኦሪጅናል ነው ይባላል፣ ከባድ ከሆነ ኦሪጅናል ነው ይባላል፣ ዘንድሮ ፎርጅዶቹም አውቶማቲክ ማሽን አላቸው፣ ክብደትም አላቸው። አንዳንዱ በአንድ እይታ ይለያል፣ ለምሳሌ ጀርባው መስታወት ሆኖ ማሽኑ የሚታይ ሰብማሪነር ካያችሁ ጥያቄ የለውም ፎርጅድ ነው፣ ሮሌክስ እንደዛ አይነት ሰብማሪነር አይሰራም። ሌላው ግን ባለሙያ ጀርባውን ከፍቶ ማሽኑን ካላየው በቀር በፎቶ አይታወቅም፣ ስለዚ በቴሌግራም ፎቶ አይታችሁ ቀብድ አትላኩ። ኦሪጅናል ነው ሚል ሻጭ ባለሙያ ጋ አብረን እናስከፍተው ስትሉት እሺ ይላል፣ እሺ ካላለ በቃ ሌላ ፈልጉ። ባለሙያው ታይምግራፈር ሚባለው መሳሪያ ካለው ላዩ ላይ ያስቀምጠው፣ ማይክሮፎን ነው ያለው፣ ድምፁን ሰምቶ በቀን ስንት ሴኮንድ እንደሚቀድም ወይ እንደሚዘገይ ያሳያል፣ አምፕሊቱድ የሚለውን ቁጥርም ጠይቁት፣ ማሽኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ክብ ክፍል ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ነው፣ ሙሉ ተሞልቶ በጀርባው ሲተኛ ብዙ ዘመናዊ ማሽኖች ላይ ከ270 ዲግሪ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ 220 አካባቢ ወይ ከዛ በታች ከሆነ ሰርቪስ ደርሶበታል፣ የሰርቪሱን ሂሳብ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ወረቀቱም ቀላል ነገር አይደለም። ካርዱ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥርና ሰዓቱ ላይ የተቀረጸው አንድ መሆን አለበት፣ ከሻጩም ስሙና ፊርማው ያለበት የሽያጭ ወረቀት ተቀበሉ። የጃንሆይ የነበረችው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት እንኳን በ2015 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ልትቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነስቶባት ከጨረታው ወጥታ ነበር፣ ከማን ወደ ማን እንደሄደ የማይታወቅ ሰዓት ለማንም አስቸጋሪ ነው።

አሁን ገዛችሁት እንበል። አውቶማቲክ ሰዓት ቆሞ ከሆነ ነቅንቃችሁ አታስነሱት፣ ከ20 እስከ 40 ዙር በመሙያው ሙሉትና እሰሩት፣ ከዛ የእጃችሁ እንቅስቃሴ ይሞላዋል። በእጅ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ አልዞርም ሲላችሁ አቁሙ፣ አታስገድዱት። ሳይታሰር መቀመጡ አይጎዳውም።

ቀን ላለው ሰዓት ይሄን ያዙልኝ። ብዙ ማሽኖች ላይ ጠቋሚው ከ9 እስከ 3 ባለው ቁጥር መሀል ሆኖ ቀን ሊቀየር ሲቃረብ ወይ ገና ሲቀየር በመሙያው ቀኑን ማዞር ጥርሱን ሊሰብረው ይችላል። እኛ ደግሞ ግማሻችን በሀበሻ ሰዓት ነው ምንሞላው ግማሻችን በፈረንጅ፣ ስለዚ ሌሊቱ ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ከማሰብ ቁጥሩን ብቻ እዩ። መጀመሪያ ሁለቱንም ጠቋሚ 6 ላይ አውርዱ፣ ቀኑን በትናንትናው ላይ አድርጉ፣ ከዛ ጠቋሚዎቹን ወደፊት እያዞራችሁ ቀኑ ወደ ዛሬ ሲገለበጥ 12 ላይ ናችሁ ማለት ነው፣ በፈረንጅ ለሚሞላ ይሄ እኩለ ሌሊት ነው፣ በሀበሻ ለሚሞላ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት እንዲሆን አድርጎ ይቀጥል፣ አለበለዚያ ሁሌ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቀን ይቀየርባችኋል። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ለምትከተሉ የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ስለሚቆጥር በየወሩ 30 ካለፈ በኋላ ወደ 1 ማሳለፍ አለ፣ ጳጉሜ ሲያልቅ ደግሞ ከ5 ወይ ከ6 እስከ 1 ድረስ ማዞር ነው።

ውሃን በተመለከተ 30 ሜትር የሚል ሰዓት ሊዋኝበት አይደለም፣ እጅ ስትታጠቡ ቢረጭበት ይችላል ማለት ነው፣ ለመዋኘት 100 ሜትርና ከዛ በላይ ይሁን። ስቲምና ሳውና ይዛችሁ አትግቡ፣ ሙቀቱና ሳሙናው ጎማዎቹን ይጎዳቸዋል። መስታወቱ ውስጥ ጤዛ ካያችሁ ደግሞ ሩዝ ውስጥ መክተት ምናምን አያስፈልግም፣ በዛው ቀን ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰዱት፣ በተለይ የባህር ውሃ ከሆነ እያንዳንዷ ቀን ዝገት ናት። እና ሰዓታችሁ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ተበላሸ ብላችሁ ሰርቪስ አትክፈሉ፣ ብዙ ጊዜ ማግኔት ነው፣ የስፒከር፣ የቦርሳ ቁልፍ፣ የታብሌት ሽፋን ማግኔት ይይዘዋል፣ ባለሙያ በትንሽ መሳሪያ በደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል። በቀን 5 ሴኮንድ መቅደም ግን ችግር አይደለም፣ የስዊስ ክሮኖሜትር ፈተና (ማሽኑ ጊዜን በትክክል መቁጠሩን የሚመዝን) እንኳን ለማሽኑ በቀን ከ4 ሴኮንድ መዘግየት እስከ 6 ሴኮንድ መቅደም በአማካይ ይፈቅዳል።

ሰርቪሱ ሲደርስ፣ የሰፈር ሰዓት ሠሪዎቻችንን አከብራለሁ፣ ማሰሪያ ለማሳጠር፣ ባትሪ ለመቀየር እጃቸው የሚደነቅ አለ፣ ማሽን ከማስከፈታችሁ በፊት ግን ጠይቁ፣ ይሄን ማሽን ከዚ በፊት ፈተውታል ወይ፣ ታይምግራፈር አለዎት ወይ፣ ውሃ መቋቋሙን የሚፈትሹበት መሳሪያ አለ ወይ፣ የሚቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይመልሱልኛል ወይ። ሙሉ ሰርቪስ ማለት ማሽኑ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ በየቦታው የየራሱ ዘይት ገብቶ፣ ጎማዎቹ ተቀይረው፣ ተስተካክሎ፣ በግፊት ተፈትሾ ነው፣ ከፍቶ ዘይት ጠብ አድርጎ መዝጋት ሰርቪስ አይባልም፣ አሮጌው ቆሻሻ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር እንደውም ይጎዳል።

ወደ ውጭ የምትልኩት ከሆነ ከሰው ጋር ከመላካችሁ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውንና ሴሪያሉን ፎቶ አንሱ፣ የደረሰኙ ኮፒ አብሮት ይሂድ፣ ሲወጣም ሲመለስም ይጠቅማችኋል። ሰርቪስ ሴንተሩ የዋጋ ዝርዝር ይልክላችኋል፣ በደንብ አንብቡት፣ ሳትጠይቁት ሙረዳ ተካቶ ሊሆን ይችላል፣ ጭረቱ ካላስጨነቃችሁ ቀፎው እንዳይነካ ብላችሁ በጽሁፍ አስታውቁ። ዋናውን ፊትና ጠቋሚ በተለይ አሮጌ ሰዓት ላይ ካለፈቃዳችሁ እንዳይቀይሩትም ጻፉላቸው። ሲመለስላችሁ ሮሌክስ ለምሳሌ ለሰርቪሱ የ2 አመት ጋራንቲ ይሰጣል፣ ወረቀቱን ከካርዱ ጋር አስቀምጡት፣ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከስልካችሁ ጋር እያስተያያችሁ ስንት ሴኮንድ እንደቀደመ ጻፉ፣ ከተባለው ውጪ ከሆነ ጋራንቲው ሳያልፍ መልሱላቸው።