መንኮራኩሯ በራሷ ስትዞር፦ የጠፈር ውጊያ ጌም በስልክ ላይ የሚያጋጥሙት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ስልክ በጌም ምክንያት ይመጣልኛል። የጠፈር ውጊያ ጌም ደግሞ ስልክን ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይፈትናል። ግራ አውራ ጣት መንኮራኩሯን ይነዳል፣ ቀኙ ይተኩሳል፣ ስክሪኑ ለአፍታ አያርፍም። ፌስቡክ ስትከፍቱ ተደብቆ የኖረ ብልሽት እዚህ ይጋለጣል።

ስልኩን አጥፍቶ ማብራትን፣ ሜሞሪ ማስለቀቅን፣ ጌሙን አፕዴት ማድረግን ሞክራችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክቱ፦ መንኮራኩሯ በራሷ ትዞራለች፣ ሳትነኳት ትተኩሳለች

ይሄንን ነው ደጋግሜ የማየው። እባካችሁ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ሰው በከንቱ ብሩን የሚያጣው በዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ መጣ። «ጋሼ፣ ስክሪኑ ሄዷል፣ ይቀይሩልኝ» አለኝ። ብሩን በእጁ ይዟል። ስልኩን ተቀብዬ ጌሙን ከፈትኩና አስር ደቂቃ ያህል ተጫወትኩ። ምንም የለበትም። ልጁ የዋሸ መስሎ ስለታየ ፊቱ ቀላ።

«ቤት ስትጫወት ቻርጀር ላይ ሰክተህ ነው?»

«አዎ፣ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ።»

«በል ቻርጀሩን አምጣው።»

ሮጦ አመጣው። እንደሰካሁት መንኮራኩሯ አፍንጫዋን ወደ ግራ ጠመዘዘች፣ ተሽከረከረችና ከድንጋይ ጋር ተላተመች። ጣቴ ስክሪኑ ላይ አልነበረም። ነቀልኩት፣ ቆመ። ሰካሁት፣ ጀመረ። ስክሪኑን ቀይሬለት ቢሆን ኖሮ ቤቱ እንደገባ ያው ችግር ይጠብቀው ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የስልክ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው በግፊት አይደለም። ከመስታወቱ ስር ስስ የኤሌክትሪክ መረብ አለ። ጣት ሲጠጋ እዚያ መረብ ላይ ያለው ቻርጅ በጣም ትንሽ ይለወጣል፤ ስልኩ የሚያነበው ያቺን ለውጥ ነው። ቻርጀር ደግሞ የግድግዳውን 220 ቮልት የሚያወርደው በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው። ይህ ሥራ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይፈጥራል። ደህና ቻርጀር ረብሻውን የሚያጣራ ዕቃ ውስጡ አለው። ርካሹ የለውም። ረብሻው በኬብሉ አልፎ ስክሪኑ ጋ ይደርሳል፣ ስልኩም ጣት ይመስለዋል።

የዚያን ልጅ ቻርጀር አስፈቅጄው ከፈትኩት። እጅ ላይ ሲይዙት እንደ ባዶ ክብሪት ሳጥን ይቀላል። ቦርዱ ላይ የማጣሪያው ቦታ በነጭ ቀለም ተሰምሯል፣ ቀዳዳዎቹም ተበስተዋል። ዕቃው ግን አልተገጠመም። ቦታውን ያዘጋጀው ሰው ምን እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ላዩ ላይ 2 አምፒር ተብሎ ተጽፏል፤ በመለኪያ ሳየው 1 እንኳ አልሞላም። ይሄንን ዕቃ ለልጅ የሚሸጥ ሰው በጣም ያናድደኛል።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? መጀመሪያ ንቀሉት። ከቆመ ስክሪኑ ደህና ነው። ቀጥሎ ያንኑ ኬብል ፓወር ባንክ ላይ ሰኩት። ፓወር ባንክ ከግድግዳው ጋር ስለማይገናኝ ረብሻውን አያመጣም። በፓወር ባንክ ደህና ሆኖ በግድግዳ ከረበሸ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነው።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ግቡና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩት። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈትላችኋል። እዚያ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን አብሩ። ከዚያ በኋላ ጣታችሁ በሄደበት ሁሉ ስክሪኑ ላይ መስመር ይሰመራል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ እጃችሁን አንሱ፣ ቻርጀሩን ሰኩ። ቻርጀሩ የሚረብሽ ከሆነ ማንም ሳይነካው መስመሩ እንደ ሸረሪት ድር ከዳር እስከ ዳር ሲሮጥ ታዩታላችሁ። ስትጨርሱ አጥፉት። ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ሌላ ምንም አትንኩ።

አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ ይዘው መጥተው «ወንድሜ፣ ይሄ ስልክ ሌሊት ሌሊት ለብቻው ይጽፋል፤ ጸበል ልረጨው ደርሻለሁ» አሉኝ። መስመሩን አሳየኋቸው። ቻርጀሩን ስነቅለው ሲጠፋ አይተው «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ግን የባሰ ነገር ነገሩኝ። ልጁ ብርዱን ሸሽቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ነው ቻርጅ እያደረገ የሚጫወተው። ይሄን አታድርጉ። የማይረባ ቻርጀር፣ ከጌም የመጣ ሙቀትና ብርድ ልብስ አንድ ላይ ከሆኑ እሳት ሊነሳ ይችላል። ትራስ ስርም አይሆንም። ቻርጀሩ ከነዘራችሁ፣ የላስቲክ ሽታ ካመጣ ወይም ካፏጨ ዛሬውኑ ጣሉት፤ ለታናሽ ወንድም አታውርሱት።

መፍትሄው ደህና ቻርጀር መግዛት ነው። ስትገዙ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ጌሙን ክፈቱና መንኮራኩሯን ዝም ብላችሁ እዩዋት። ቀጥ ብላ ከሄደች ክፈሉ። ሻጩ «አይቻልም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። እስክትገዙ ድረስ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ነቅላችሁ ተጫወቱ።

ሳይሰካም የሚዞር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ስክሪኑ ተቀይሮ ያውቃል? ብዙ ኮፒ ስክሪን ሁለት አውራ ጣት አንድ ላይ ሲያርፍበት ይደናገራል፤ እየነዳችሁ ስትተኩሱ መንዳቱን ይተዋል። ይሄንን በሴቲንግ ልታስተካክሉት አትችሉም። የተሰነጠቀ ግላስ ፕሮቴክተር ካለ ላጡትና ሞክሩ። ጀርባው አብጦ ስክሪኑን ወደ ላይ ከገፋው ግን ባትሪው ነው። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ አታድርጉት፤ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ምልክቱ፦ ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ይንቀራፈፋል

ይሄ በብዛት የሚመጣው ከጣርማበር ወዲያ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። እዚህ ደጋው ላይ ሰዓታት ያጫወተ ስልክ እዚያ ቆላው ሲወርድ በሃያ ደቂቃ ይደክማል። ስልኩ አልተበላሸም። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ውጊያው ሲጦፍ፣ ፍንዳታው ሲበዛ፣ መንኮራኩሯ እየተቆራረጠች ትሄዳለች።

ኮቨሩን አውልቁ። ቻርጅ እያደረጋችሁ አትጫወቱ። ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ግራፊክሱን ዝቅ አድርጉ፤ 60 ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የሥዕል ብዛት) የሚል ምርጫ ካለ ወደ 30 አውርዱት። የስክሪን ብርሃኑንም ቀንሱ። ከዚያ ጥላ ስር አሳርፉት።

ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት! ሸዋ ሮቢት አንድ ልጅ ከለስላሳው ጠርሙስ ጎን ከቶት ነበር። ቀዝቅዞ ወደ ሙቀቱ ሲወጣ ውስጡ ላብ ያዘው። ስከፍተው የካሜራው መስታወት ከውስጥ በጠብታ ተሸፍኗል፣ የቻርጅ ማያያዣው አረንጓዴ ዝገት ጀምሮታል። ያ ስልክ አልተመለሰም።

ምልክቱ፦ 30 በመቶ እያለው ድርግም ብሎ ይጠፋል

ይሄ ደግሞ የኛ የደጋዎቹ ነው። ከህዳር እስከ ጥር ውርጭ ሲወርድ ጠዋት ጠዋት ይበዛል። ባትሪ ሲበርደው ኃይሉን እንደልብ አይሰጥም። ጌሙ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጠይቃል። ያረጀ ባትሪ ይሄንን አይችልም። ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ሞቆም ከጠፋ ባትሪው ይቀየር።

ምልክቱ፦ ይከፈትና ጥቁር ሆኖ ይቀራል

ጌሙን ከጓደኛ በዜንደር ነው የወሰዳችሁት አይደል? ትልልቅ የጠፈር ጌሞች ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አላቸው። አንዱ የምትጭኑት ኤፒኬ ነው፤ ሌላው ሥዕሉና ድምፁ ያለበት «ኦቢቢ» የሚባለው ዳታ። ጓደኛ የላከው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ዳታውንም አስልኩ፣ ወይም ዋይፋይ ስታገኙ ከፕሌይ ስቶር አውርዱ።

ጭራሽ አልጫንም ካለ ጌሙ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ጋላክሲ ኦን ፋየር 2 ለምሳሌ አይፎን ላይ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹ እስካሁን ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድሮይድ 14 በጣም ላረጁ ኤፒኬዎች በሩን ዘግቷል፤ አይፎንም ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ 32 ቢት የሚባሉትን የድሮ አፖች አይከፍትም። አሮጌ ኤፒኬ አሮጌ ስልክ ላይ ይጫን።

«ገንዘብ የማያልቅበት» ተብሎ በቴሌግራም የሚዞረውን ኤፒኬ ግን አትጫኑ። የጠፈር ጌም የናንተን ኤስኤምኤስ ማንበብ ለምን ያስፈልገዋል? የባንክ ኮድ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው። ያንን ፈቃድ ከጠየቀ ወዲያው አጥፉት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ስልኩን በማዘንበል ስትነዱ ወደ አንድ ጎን ከሳበች፣ ጌሙ ውስጥ «ካሊብሬት» የሚል ካለ ስልኩን በምትጫወቱበት አያያዝ ይዛችሁ ንኩት።

ብታዘነብሉትም ምንም ካላለች ርካሽ ስልኮች ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚያውቀው ዕቃ) ላይኖራቸው ይችላል፤ በጣት ንዱ።

ድምፅ ከሌለ የኢርፎን ቀዳዳውን እዩ። አቧራ ነው።

ጌሙ እየተዘጋ ካስቸገረ «ክሊር ካሽ» አድርጉ። «ክሊር ዳታ» የሚለውን አትንኩ! ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ክሊር ዳታ የደረሳችሁበትን ደረጃ ያጠፋዋል። አንድ ልጅ ስድስት ወር የሠራውን መንኮራኩር እንዲህ አጥቶ ባንኮኒዬ ላይ እንባው ጠብ ሲል አይቻለሁ። ጠጋኝ ጋ ስትሄዱም ሪሴት ከማድረጉ (ስልኩን እንደ አዲስ ባዶ ከማድረጉ) በፊት «ጌሜ አካውንት ላይ ተቀምጧል ወይ?» ብላችሁ አብራችሁ እዩ። ካልተቀመጠ ሪሴቱ ይቆይ።