ለወር አበባ ሕመም ፈቃድ እንዴት ትጠይቂያለሽ?

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በሠራተኛ ማኅበራችንም ተወካይ። ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡ እህቶች ስለበዙ ጻፍኩት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወር አበባ ፈቃድ የሚል አንቀጽ የለውም፤ እንዳለ አድርገሽ አትከራከሪ። ያለው የሕመም ፈቃድ ነው። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ፣ በ12 ወራት ውስጥ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ይከፈላሉ። የሕክምና ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕመሙ በሌለበት ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሆድን ይዞ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ሌላ ቅጣት ነው። በየወሩ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋንን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ወይም የማሕፀን ዕጢ ሊሆን ይችላል። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚልሽን አትስሚ።

የቀረሽ ዕለት ጠዋት ለአለቃሽ «አሞኛል፤ ማስረጃ አመጣለሁ» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩን መተረክ አይጠበቅብሽም።

ዋናው መንገድ ግን የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የሚፈርመው ውል ነው፤ ከአዋጁ የተሻለ መብት በዚያ ማስገባት ይቻላል። «በወር አንድ ቀን፣ ያለ ሐኪም ወረቀት፣ ከዓመት ፈቃድ የማይቀነስ» ብላችሁ አቅርቡ። ዛምቢያ በወር አንድ ቀን ያለ ሐኪም ማስረጃ በሕግ ፈቅዳለች። «እንዲህ ከሆነ ሴት አንቀጥርም» የሚል አይጠፋም፤ ለወሊድ ፈቃድም ይኸው ሊባል ይችላል። ደግሞ በድርድሩ ጠረጴዛ ሴቶች ይቀመጡ። ወንዶች ብቻቸውን ስለ ማሕፀን ሲደራደሩ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ አንቀጹም ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል።