በክረምት የወጨጫን ደን ለመውጣት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ጥንታዊ ደን ነው። ብዙዎች የሚሄዱበት በበጋ ቢሆንም፣ ጽዱና ዝግባው ጉም ለብሰው፣ ጉሬዛው ከላይ ሲያጓራ መስማት የሚፈልግ ሰው በክረምትም ሊወጣ ይችላል። ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚገቡት የመነሻው ሰዓትና ቁልቁለቱ ናቸው።

በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከቀትር በኋላ ሰማዩ መጥቆር የተለመደ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መራመድ ጀምሮ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ከደኑ ለመውጣት ማቀድ ይገባል። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ስለሚሆን፣ ለመኪናውም ተጨማሪ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አስከትሎ መውጣት፣ ለቤተሰብም የመመለሻውን ሰዓት መናገር ሊዘነጋ አይገባም።

ልብስን በተመለከተ፣ ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብ ውሃ ጠጥተው ስለሚከብዱና ሙቀትን ስለሚነሡ በቤት ቢቀሩ ይሻላል። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከከተማው በበርካታ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበትና ነፋስ ሲጨመሩበት ደግሞ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ መልበስ፣ ቅያሪ ሹራብና ካልሲ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ተገቢ ነው። ጃንጥላ ቅርንጫፍ እየያዘው ከማስቸገሩም በላይ ዱላ የሚያዝበትን እጅ ይወስዳል፤ የዝናብ ካፖርት ይመረጣል። ለስንቅ ጭኮ ወይም በሶ፣ ከዚያም በቴርሞስ ትኩስ ሻይ ይበቃል። ከተጓዦች አንዱ መንቀጥቀጥ ጀምሮ አነጋገሩ ከተንተባተበ፣ እርጥብ ልብሱን አውልቆ ደረቅ ማልበስና ወዲያው ወደ ታች መመለስ እንጂ «ትንሽ ነው የቀረን» ማለት አይገባም።

አቀበቱ ትንፋሽ ያስቆርጣል፤ ሰው የሚወድቀው ግን ብዙ ጊዜ ሲወርድ ነው። ከመውረድ በፊት የጫማን ክር ከቁርጭምጭሚት በላይ አጥብቆ ማሰር፣ ጣቶች ከጫማው የፊት ጫፍ ጋር እንዳይጋጩ ይረዳል። ጉልበትን ትንሽ ሸብረክ አድርጎ፣ እግርን ወደ ጎን አዙሮ፣ እርምጃን አሳጥሮ መውረድ፣ ዱላውንም ከእግር አስቀድሞ መትከል ያስፈልጋል። እርጥብ ሥር፣ ሽበት ያበቀለ ድንጋይ፣ ከባሕር ዛፍ የተላጠ ቅርፊት እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትቱ አይረገጡም። ሚዛን ሲስት በመንገዱ ዳር ያለውን ቅጠል ጨብጦ ለመትረፍ የሚሞክር ሰው ሳማ ሊይዝ ይችላል፤ እኔ ይህን የተማርኩት በመዳፌ ነው፤ እስከ ማታ ድረስም አቃጥሎኛል።

ጅረት ሲያጋጥም፣ ከላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል፣ የቆምንበት ቦታ ባይዘንብም ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከጉልበት ካለፈ መሻገር አይገባም። ዳር ላይ ቆይቶ እስኪጎድል መጠበቅ፣ ካልጎደለም በመጡበት መመለስ ነው።

መብረቅ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የሚያልፈውን ሰኮንድ መቁጠርና ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያሳያል። የተቆጠረው ሰኮንድ ከ30 ካነሰ፣ ከደኑ በላይ ያለውን ገላጣ ቦታ ለቆ መውረድ ያስፈልጋል። ለብቻው የቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል እጅግ አደገኛ ስለሆነ፣ በተቀራራቢ ቁመት ያሉ አጫጭር ዛፎች መካከል፣ ከግንዳቸው ራቅ ብሎ፣ እርስ በርስም ተራርቆ ቁጢጥ ማለት ይሻላል። ወደ ጫፉ ለመመለስ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል፤ በክረምት ግን ጉዞውን እዚያው ማብቃት ይመረጣል።

ቤት ሲደረስ ጫማውን ከከሰል ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ማስቲሹን ያስለቅቃል። ጭቃውን አጥቦ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልቶ፣ ወረቀቱን እየለወጡ ጥላ ውስጥ ማድረቅ 2 ቀን ቢፈጅም ሶሉ አይገነጠልም።