ካሽሚርኛን በኢንተርኔት ሲተረጉሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቋንቋውን የትርጉም ማሽኑ እንዲለየው መተው። ካሽሚርኛ (በሕንድና በፓኪስታን መካከል በሚገኘው በካሽሚር የሚነገረው ቋንቋ) የሚጻፍበት ዓረብኛ መሰል ፊደል አብዛኛውን ከፓኪስታኑ ቋንቋ ከኡርዱ ጋር ስለሚጋራ ማሽኑ ኡርዱ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ቋንቋውን ራስዎ ይምረጡ። ከተጠራጠሩ አናቷ ላይ እንደ ሞገድ የታጠፈ ሃምዛ የሚባል ምልክት ያለባትን አሊፍ የተባለች ፊደል (ٲ) ወይም ቀለበት ያለባትን ዋው (ۄ) ይፈልጉ፤ ኡርዱ ውስጥ የሉም። ፓንዲቶች (የካሽሚር ሂንዱዎች) ሂንዲ በሚጻፍበት በደቫናጋሪ ፊደልም ስለሚጽፉ ያኛው ደግሞ ሂንዲ ይመስላል። የሜታው የትርጉም ሞዴል ኤንኤልኤልቢ-200 ሁለቱን ፊደላት ለየብቻ ያስመርጣል፤ የመረጡት ከጽሑፉ ፊደል ጋር ካልገጠመ ውጤቱ ዝባዝንኬ ነው።

የአናባቢ ምልክቶቹን ማራገፍ። በኡርዱ አጫጭር አናባቢዎች ብዙውን ጊዜ አይጻፉም፤ በካሽሚርኛ ግን ይጻፋሉ። በኡርዱ የቁልፍ ሰሌዳ ከተጻፈ ምልክቶቹ ይጠፋሉ፣ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ከታች ሃምዛ ያለባት አሊፍ በዩኒኮድ (ለፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) በ0673 ተይዛ ነበር፤ ይህ ቁጥር ዛሬ አይመከርም። አሊፍን ጽፈው 065F ምልክትን ያስከትሉ፤ አለዚያ ለዓይን አንድ የሆነው ቃል ለማሽኑ ሁለት ነው።

በእንግሊዝኛ በኩል የመጣውን አማርኛ ማመን። ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ካሽሚርኛ በአሁን ጊዜ ረዳት ግስ ላይ ጾታን ይለያል፦ ለወንድ «ችሁክ»፣ ለሴት «ችሃክ»፣ ለአክብሮት ወይም ለብዙ ደግሞ ለወንድ «ችሂቭ»፣ ለሴት «ችሃቭ»። አማርኛም እንዲሁ ነህ፣ ነሽ፣ ነዎት ይላል። መሃል የገባው እንግሊዝኛ ግን ሁሉንም በአንድ «ዩ» ስለሚጠቀልለው ለእናት የተጻፈው ሰላምታ «እንዴት ነህ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ወደ ምንጩ ተመልሰው ረዳት ግሱን አይተው አማርኛውን በእጅ ያርሙ። ማግኘቱ አይከብድም፤ በተራ ዓረፍተ ነገር ግሱ እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ባለፈ ጊዜ ግን ይጠንቀቁ፦ ግሱ ተሻጋሪ (ተደራጊ የሚፈልግ) ከሆነ የሚያሳየው ጾታ የአድራጊው ሳይሆን የተደራጊው ነው። ሴት ያየችው ወንድ ከሆነ ግሱ የወንድ ነው።

መስመር በመስመር መቁረጥ። ከምስል ወይም ከፒዲኤፍ የተቀዳ ጽሑፍ መስመሩ ባለቀበት ይሰበራል፤ ማሽኑም እያንዳንዱን ስብርባሪ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይወስዳል። መስመሮቹን አያይዘው ያስገቡ።

ስሞችን በኡርዱ አነባበብ መጻፍ። ሦስት ነጥብ ያላት «ዤ» በኡርዱ ዠ ናት፤ በካሽሚርኛ ግን «ትስ» ትባላለች። የሰውና የቦታ ስም ሲያሰፍሩ ይህን ያስታውሱ።

በላቲን ፊደል የተላከ የዋትስአፕ መልእክት ከሆነ ደግሞ ወጥ አጻጻፍ ስለሌለው ማሽኑ ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ያስነብቡት።