ቡናው እስኪፈላ የሚለመድ እንግሊዝኛ

ልጆቻችን እንግሊዝኛ የሚጀምሩት ከአንደኛ ክፍል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ባዮሎጂውም ሒሳቡም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይመጣል። ያኔ ነው ጉዱ የሚታየው። ልጁ ቃሉን ያውቀዋል፣ ፈተና ላይ መልሱን ያከብበዋል። "አሁን ምን እየሠራህ ነው?" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትጠይቁት ግን ዝም። እኔ ደሴ ውስጥ አንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህ ዝምታ ያንገበግበኛል።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ጃፓኖችም ለብዙ ዘመን ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ተምረው ሲያበቁ አፋቸው አልፈታ እያለ ተቸግረዋል። ትምህርቱ ወደ ሰዋስውና ወደ ትርጉም ያጋደለ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2011 አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ የእንግሊዝኛ ልምምድ ግዴታ አደረጉ። በ2020 ልምምዱን ወደ ሦስተኛ ክፍል አወረዱት፤ አምስተኛና ስድስተኛ ላይ ደግሞ መደበኛ ትምህርት ሆነ።

እኔን የሳበኝ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረው የሬዲዮ ነገር ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ታዳይቺ ሂራካዋ የሚባል ሰው ኤንኤችኬ በሚባለው የጃፓን ብሔራዊ ሬዲዮ የእንግሊዝኛ ንግግር ማስተማር ጀመረ። ጊዜው 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። ቶኪዮ በቦምብ ወድማለች፣ ራብ አለ፤ ቤተሰቡ ግን ሬዲዮ ከቦ ያደምጠዋል። የሚያስተምራቸው ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚባለውን ነበር፦ እናት ለልጇ የምትለውን፣ ልጅ የሚመልሰውን። ሕፃን እንደሚያደርገው እየሰሙ መድገም ነው ዘዴው።

ከዚህ የወሰድኩት አጭርና የማይዘለል ሰዓትን፣ የቤት ወሬንም ነው። ሰዓቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ወሎ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ቤት የታለ?

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ቡና ስታፈሉ የምትሠሩትን ሥራ በእንግሊዝኛ እየተናገራችሁ ሥሩት። ቡናው ሲታጠብ "አይ አም ዋሺንግ ዘ ኮፊ"፣ ቡናውን እያጠብኩ ነው። ምጣዱ ላይ ሲሆን "አይ አም ሮስቲንግ ኢት"፣ እየቆላሁት ነው። ጭሱን ለእንግዳ ስታዞሩ "ስሜል ኢት"፣ አሽትቱት። ሙቀጫው ሲመጣ "አይ አም ፓውንዲንግ ኢት"፣ እየወቀጥኩት ነው። እጃችሁ የያዘውን ብቻ ተናገሩ። ሌላ ዓረፍተ ነገር አትጨምሩ። ልጁ ዘነዘናው ሲወርድ ድምፁን ይሰማል፣ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ነው፤ ትርጉም ጠይቆ ደብተር ላይ መገልበጥ አያስፈልገውም።

ከዚያ ሦስቱን ሲኒ ለሦስት ሥራ አውሉት። በአቦል እናንተ ትናገራላችሁ፣ ልጁ ይሰማል። በቶና እናንተን ተከትሎ ይላል። እዚህ ላይ ጃፓን ውስጥ በጣም የተለመደ ዘዴ አለ፦ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ሳይጠብቁ፣ አንድ ሁለት ቃል ወደ ኋላ ቀርተው እግር በእግር መከተል። መጀመሪያ ላይ ምላስ ይተሳሰራል። አብሽሩ፣ ይለቃል። በበረካ ልጁ ራሱ ጀበናውን ይዞ ይቀዳል፣ ራሱም ይናገራል፦ "አይ አም ፖሪንግ ዘ ኮፊ። ሹገር ኦር ሶልት?" ስኳር ወይስ ጨው ማለቱ ነው። እንግዳው "ሹገር፣ ፕሊዝ" ካለለት በቃ፣ ጨዋታው ደራ። ትንንሾቹ ጀበና እንዳያነሱ ተጠንቀቁ። እነሱ ፈንዲሻውን ያዙሩ፣ "ፕሊዝ፣ ቴክ ሰም" እያሉ።

ወንዱም ልጅ ረከቦቱ ጋ ይቀመጥ፣ ይሥራም። ይህን ሳልል አላልፍም። ጃፓን ትምህርት ቤት ውስጥ ወንድ ሴት ሳይባል ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ምሳም ለጓደኞቻቸው ተራ ገብተው ያድላሉ። የኔ ልጅ ሲኒ እያጠበ የለመደውን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልረሳውም፤ ዳር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

ሲሳሳት ምን ይደረግ? "ተሳሳትክ" አትበሉት። "አይ ዋሺንግ ዘ ካፕ" ካለ፣ "የስ፣ ዩ አር ዋሺንግ ዘ ካፕ" ብላችሁ አስተካክላችሁ መልሱለትና ቡናውን ቀጥሉ። ጎረቤት ፊት የታረመ ልጅ ነገ አፉን አይከፍትም።

አነጋገሩ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቁ። ጃፓኖች የውጭ ቃል የሚጽፉበት ካታካና የሚባል ፊደል አላቸው፤ በሱ የለመዱትን ቃል እንደተጻፈው ሲያነቡት "ሚልክ" "ሚሩኩ" ይሆንባቸዋል፤ ተነባቢዎቹ መሀልና መጨረሻ ላይ አናባቢ ይጨምራሉ። እኛ ደግሞ ፊት ለፊት እንጨምራለን፦ እስኩል፣ እስፖርት፣ እስቶቭ። ልጁ "ስስስ" ብሎ አየሩን እንዲያስረዝምና ከዚያ "ኩል" እንዲል አድርጉት። እየቆየ ሁለቱ ይጋጠማሉ። ምላስ በጥርስ መሀል ወጣ ብሎ የሚነገረውን የ"th" ድምፅ ደግሞ በመስታወት ፊት አለማምዱት፤ "ዚስ" እያለ ከቀረ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል። እኔ እዚህ በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ እንዲመች ነው። ለልጁ ስትጽፉለት በእንግሊዝኛው ፊደል ይሁን።

ስለ መጻፍ ካነሳን፣ ወረቀት መለጠፍም ይጠቅማል። ብዙ ሰው በር ላይ "ዶር"፣ ወንበር ላይ "ቼር" ብሎ ይለጥፋል። ነጠላ ቃል ንግግር አይወልድም። በሩ ላይ "ክሎዝ ዘ ዶር፣ ፕሊዝ" ይባል፤ ጄሪካኑ ላይ "ኢዝ ኢት ፉል?"፣ ሞልቷል ወይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህች ጥያቄ በየቀኑ ትጠየቃለች፤ ስለዚህ ቶሎ ትለመዳለች። የአሮጌ ደብተር ገጽና ፕላስተር ይበቃል። ምድጃ አጠገብ አትለጥፉ፣ ጭሱ ያጠቁረዋል። ልጁ ሳያይ መናገር የቻለውን ወረቀት ራሱ ይንቀል፣ በምትኩም አዲስ ይለጥፍ።

ሌላው የምወድላቸው ነገር የደጃፍ ንግግራቸው ነው። ጃፓን ቤት የሚገባ ሰው ጫማውን መግቢያው ላይ አውልቆ "ታዳይማ" ይላል፣ መጣሁ እንደማለት። ቤት ያለው "ኦካኤሪ" ብሎ ይቀበለዋል። ማንም አስቦ አይመልሰውም፤ አፍ ላይ የተሠራ ነው። እናንተም ለእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጥንድ አብጁ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ "አይ አም ሆም" ይበል፤ እናንተ "ሃው ወዝ ስኩል?" በሉት፣ ትምህርት እንዴት ዋለ። መልሱ አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም ተቀበሉት።

ለትልልቆች ግን ሰላምታው በራሳችን ይሁን። አያት በር ላይ ቆመው በእንግሊዝኛ አይቀበሏቸውም። ዱዓ ሲደረግም፣ ምርቃት ሲመረቅም እንግሊዝኛው ይቁም፤ ልጁ እጁን ዘርግቶ "አሚን" ይበል። እንግሊዝኛ ልጃችንን ከቡናው ሸንጎ የሚነጥለው ከሆነ እኔ አልፈልገውም።

እናትየው እንግሊዝኛ ባታውቅስ? ይህን ሁሌ እጠየቃለሁ። ጎረቤት ያለች አንዲት እናት ቀለም አልቆጠረችም፤ ልጇ ግን ሰባተኛ ክፍል ናት። እነሱ ዘንድ ሚናው ተገላብጧል፤ ልጅቷ ትናገራለች፣ እናቲቱ ትከተላለች። እናትየው "ሞር ኮፊ?" እያለች እንግዳ ስታስተናግድ ልጅቷ ደስታዋን አትችለውም፣ ነገ ደግሞ ምን ላስተምራት ብላ ስትዘጋጅ ታመሻለች። እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ከሌለ አስተማሪያቸውን ወይም እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ጠይቁ፤ ዓረፍተ ነገሮቹን ስልክ ላይ ይቅዳላችሁ። ኢንተርኔት አይፈልግም።

የቡናው ንግግር አፋቸው ላይ ሲለሰልስ የግሱን ጊዜ ቀይሩት። ቡናው ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳ "ዋት ዲድ ዩ ዱ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ምን ሠራህ። አሁን "አይ ዋሽድ"፣ "አይ ሮስትድ"፣ "አይ ፖርድ" ማለት ሊኖርበት ነው። ያላለፈ ጊዜና ያለፈ ጊዜ የሚባለውን የሰዋስው ትምህርት ሰሌዳ ላይ ሲያገኘው አዲስ አይሆንበትም፤ እጁ ያውቀዋል። ቀጥሎ ወደ ምጣዱ እለፉ። እንጀራ ሲጋገር ማቡካት፣ ማሰስ፣ ማስፋት፣ አክንባሎ መክደን፣ ማውጣት አለ፤ ለዚህ የሚሆነውን እንግሊዝኛ ከልጁ ጋር ሆናችሁ ፈልጉ። ለመጀመር ክረምቱ ይመቻል። ትምህርት ዝግ ነው፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ልጆቹም ከቤት አይወጡም።